«መወድስ እቆጥራለሁ፤ ሚኒስትሪ ግን አልተፈተንኩም»

ከመደበኛ ትምህርት ቤት ውጭ የተማረ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በየት በኩል ነው?

ስህተቱ የእኔ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ሰቆጣ እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። አንዲት ጎረቤቷ ገባች። በጦርነቱ ከአበርገሌ ተፈናቅላ መጀመሪያ ወለህ መጠለያ፣ ኋላ ደግሞ ከተማው ጠርዝ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር እናት ናት። ነጠላውን ያጣፋ፣ ዕድሜው ወደ ሃያ የሚጠጋ ዲያቆን ልጇን አስከትላለች። «ጋሼ፣ እርስዎ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይህን ልጅ ይምከሩልኝ» አለችኝ።

ልጁ ፊደል የቆጠረው፣ ዳዊት የደገመው መንደሩ ካለች ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ዘንድ ነው። ከዚያ እንደ አባቶቹ አኩፋዳውን አንግቶ ለቅኔ ዋድላ ወረደ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ጋሸና ድረስ ሲዘልቅ ጉባኤው ተበተነ፤ ነገሩ ሲረጋጋ ተመልሶ ቀጠለ። ዛሬ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ሞልቶ ይቀኛል። ቤት ውስጥ አፉን የፈታው በኽምጣና ነው፤ አማርኛውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል፤ ግእዙን የሚያርምለት ሰው እኔ ቤት ውስጥ አልነበረም። በመደበኛ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ግን አንድ ቀን ተቀምጦ አያውቅም። የሚፈልገው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የታሪክ ትምህርት ማጥናት ነው።

እኔም ሳላስብ «ምን ችግር አለ፣ በግል ተመዝገብና አሥራ ሁለተኛን ተፈተን» አልኩት። እንዲያው እንደ ቀላል ነገር። ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ፤ ረሳሁትም።

ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ተደወለ። እናቲቱ ከአበርገሌ ይዛቸው ከመጣቻቸው ጥቂት ፍየሎች ሁለቱን ሸጣ ለመጽሐፍ፣ ለፎቶና ለመጓጓዣ አውጥታለች። ልጁ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተመላልሶ በመጨረሻ አንድ ጠረጴዛ ላይ «የስምንተኛ ክፍል ካርድህ የታለ?» ተብሎ ተመልሷል። «ጋሼ፣ መወድስ እቆጥራለሁ፤ ሚኒስትሪ ግን አልተፈተንኩም» አለኝ። የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም፤ ያ ነው ይበልጥ የከነከነኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስጠይቅ፣ ስመረምር፣ መመሪያ ሳገላብጥ ከረምኩ። እኔን የመሰለ ምክር ሰጪ በየመንደሩ ስለማይጠፋ ያገኘሁትን ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

«በግል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን «የግል ተፈታኝ» ሲባል «ማንም ሰው፣ የትም ይማር የት፣ ራሱን አዘጋጅቶ የሚፈተን» ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። በእኛ አገር የግል ተፈታኝ የሚባለው በመሠረቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከዚህ በፊት ተምሮ የጨረሰና ውጤት ለማሻሻል ወይም ያመለጠውን ፈተና ለመውሰድ የሚመለስ ሰው ነው። ሲመዘገብ የ8ኛ ክፍል ማስረጃውንና የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕቱን ያሳያል። ሥርዓቱ እንደ መሰላል ነው፤ የላይኛውን ደረጃ ለመርገጥ የታችኛውን መርገጥህን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። እውቀቱ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

በሌላው ዓለም ይህን መሰላል በአንድ ፈተና የሚዘሉበት መንገድ አለ። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ትምህርታቸውን አቋርጠው ለዘመቱ ወታደሮች ያዘጋጁት ጂ.ኢ.ዲ. የሚባል ፈተና ዛሬም ድረስ ቤቱ የተማረውንም ሆነ ትምህርት ያቋረጠውን ሰው የሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቀ ያስቆጥረዋል። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረቱት ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ለአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱ የቀድሞ ማስረጃ አይጠይቅም፤ «ግባና ከቻልክ እለፍ» ነው ነገሩ። እዚህ በሩ ሰፊ ነው፤ ማጣሪያው ያለው ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ማጣሪያው ከበሩ በፊት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ጥቂት ቤተሰቦች አሉ። አብዛኞቹ ከውጭ የተመለሱ ወይም አቅም ያላቸው ናቸው። የውጭ ሥርዓተ ትምህርት ይገዛሉ፤ ልጁ ሲደርስ የካምብሪጅን ወይም የአሜሪካንን ፈተና በውጭ ምንዛሪ ከፍሎ ይወስዳል፤ ከዚያ የውጭ ማስረጃው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ይሠራለታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቦሌ ሳሎን ውስጥ የተማረ ልጅ በዶላር የሚከፈት በር አለው። ዋድላ ቅኔ ቤት ጎጆ ውስጥ የተማረው የለውም። ሁለቱም ከመደበኛ ትምህርት ቤት ውጭ የተማሩ ናቸው፤ ልዩነቱ የማን ፈተና ወረቀት እንደያዙ ነው።

ድልድዩ ድሮ ነበር

ይህ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ሲመረቅ የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ ከክፍሎቹ አንዱ ነበር። ከቅኔ ቤት የመጣ ልጅ በሥላሴ ትምህርት ቤት በኩል ዘመናዊውን ትምህርት ጨብጦ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ነበረ ማለት ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከሸንኮራ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተነስተው፣ በሥላሴ አልፈው፣ ካይሮ ተምረው፣ ጀርመን ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1962 ዶክትሬታቸውን ያዙ። በኋላ ሚኒሶታ ተቀምጠው የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ቅጂዎች ሲዘረዝሩ ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተርን ሽልማት አገኙ፤ በ2021 አረፉ። እሳቸው ብርቅ ሰው ነበሩ፤ ሁሉም ጌታቸው ኃይሌ ይሆናል አልልም። የምለው በእግሩ የሚሻገርበት ድልድይ ነበር ነው። ደርግ ኮሌጁን ዘጋው። በ1980ዎቹ ዳግም ሲከፈት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አካል አልነበረም።

ስለ ራሴም ትንሽ ልናገር። እኔ ጋዝጊብላ አስከተማ አካባቢ ዜማ ቤት ነበርኩ። በ1986 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አንድ መምህር ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ አንቀጽ ጽፎ አስነበበኝ፤ በቃሌም የማባዛት ሠንጠረዥ ጠየቀኝ። ንባቡን ጠጣሁት፤ ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ቀረሁ። «ሦስተኛ ክፍል ግባ» አለኝ። የአሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ ከዘጠኝ ዓመት ሕፃናት ጋር ተቀመጥኩ። በ1993 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከተፈተኑት አንዱ ሆንኩ፤ ለመሰናዶ ወልድያ ወረድኩ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። ያ የአሥረኛ ክፍል ፈተና በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀርቷል። ታዲያ እኔ ለዚያ ልጅ «በግል ተፈተን» ስለው የራሴን ሰባት ዓመት እንዴት ረሳሁት? አላውቅም። ሰው ከተሻገረ በኋላ ወንዙ ያን ያህል ሰፊ አይመስለውም መሰለኝ።

እንግዲህ ዛሬ በየት ይኬዳል?

መጀመሪያው የክፍል ምደባ ነው። ያልተማረ ወይም ከመደበኛው ውጭ የተማረ ልጅ አጠገቡ ወዳለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዶ መመዘን ይችላል፤ በውጤቱ መሠረት ይመደባል። ለትንንሾቹ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የሚባለው አለ፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለውን በሦስት ዓመት ጨርሶ 5ኛ ክፍል ያስገባል። በአገሪቱ አንዳንድ ክፍሎች ደግሞ ስፒድ ስኩል በሚል ስም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በአሥር ወር የሚያስጨርስ ትምህርት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ተሰጥቷል። ለጎልማሳው የማታ ትምህርት ነው። ለዚያ ዲያቆን የቀረበው ይኸው ነበር።

ተመዘነ። አማርኛው ሙሉ ነጥብ። ሒሳቡ ከሃያ አራት። እንግሊዝኛው ፊደሉን ከመለየት አላለፈም። «አምስተኛ ክፍል» ተባለ።

አምስተኛ ክፍል ማለት፣ ምንም ሳይደገም፣ አሥራ ሁለተኛን ለመጨረስ ስምንት ዓመት ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው። እናቲቱ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። እሱ ግን በጣቱ ቆጠረና «ድጓ ለማስመስከርም ከዚህ ያላነሰ ይፈጃል፤ ያውም ቤተልሔም ድረስ ተሂዶ» አለ። እውነቱን ነው። የአብነት ተማሪ ረጅም ጊዜ አያስፈራውም። ይህን የሚያህል ትዕግሥት ያለው ተማሪ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው የማይፈልገው?

አስቸጋሪው ሌላ ነው፤ እንግሊዝኛና ሒሳብ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም እንደዚያው። የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኝ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል፤ በጠቅላላ ከ600። የቅኔ ተማሪ የግስ እርባታ፣ አገባብና ሰምና ወርቅ የለመደ ነውና የሰዋስው አእምሮ አለው፤ እንግሊዝኛን በደንብ የሚያስተምረው ሰው ካገኘ ከሌላው ይልቅ ይፈጥናል የሚል እምነት አለኝ። እኔ ራሴ የእንግሊዝኛን ግሥ የተማርኩት «ቀተለ፣ ይቀትል» እያልኩ በግእዙ አምሳል ነው። ሒሳቡ ግን ከዜሮ ነው። የአብነት ልጆችን የሚረዳ ሰው ካለ ገንዘቡንም ጊዜውንም ሒሳብ ላይ ያውል።

ሁለተኛው ነገር ስም ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ስንቱን ልጅ ግን አንገላቷል! የአብነት ተማሪ በመንደሩ አንድ ስም አለው፤ ጉባኤ ቤት በክርስትና ስሙ ይጠራል፤ ዲቁና ሲቀበል ያው የክርስትና ስም ይጸናል። ትምህርት ቤት ሲመዘገብ አንዱን ይሰጣል፤ ቀበሌ ሌላውን። 8ኛ ክፍል ፈተና ላይ የተጻፈው ስም እስከ ዲግሪ ይከተለዋል። የእኔ የአያት ስም ሁለት ዓይነት ሆኖ እሱን ለማስተካከል ብቻ አንድ ዓመት ሙሉ ተመላልሻለሁ። አሁን ደግሞ ለፈተና ምዝገባ የፋይዳ ቁጥርም እየተጠየቀ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ በፊት መታወቂያው፣ የልደት ምስክር ወረቀቱና ፋይዳው በአንድ ስም ይሁኑ። በጦርነቱ ካርዳቸው ለጠፋባቸው ልጆች ደግሞ፦ የ8ኛ ክፍል ውጤት በክልሉ ትምህርት ቢሮ በኩል፣ የብሔራዊ ፈተና ውጤት በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ዘንድ ይገኛል። ትምህርት ቤቱ ተቃጠለ ማለት ማስረጃው ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም።

የመጨረሻው በር ጠባብነት

እሺ፣ ስምንቱን ዓመት ተማረ እንበል። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና አንስቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በዚያው ፈተና 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ይህ እንግዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ወንበር ላይ ከተቀመጡት መካከል ነው። ኩረጃ በመቅረቱ እውነተኛው መልክ ታየ የሚሉ አሉ፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ። ግን ነሐሴ ሲመጣ በጦርነት፣ ጥቅምት ሲመጣ በድርቅ ትምህርት ቤቱ የሚዘጋበት የዋግ ልጅ እውነተኛ መልኩ ምን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ ሲጠፋ ሰሃላ ሰየምትና አበርገሌ ውስጥ ልጆች ከብት ተከትለው ውኃ ፍለጋ ወጥተዋል። በዚያው ክረምት ክልሉ ውስጥ የተቀሰቀሰው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል።

ከግማሽ በታች ላመጣው የማካካሻ ትምህርት፣ በተለምዶ ሬሜዲያል የሚባለው፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በየዓመቱ የመቁረጫ ነጥብ ይወጣል፤ ነጥቡ በጾታ፣ በትምህርት ዘርፍና ተማሪው በመጣበት ሁኔታ ይለያያል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለወራት ይማራል፤ በግቢው የሚሰጠው ምዘናና ከማዕከል የሚመጣው ፈተና ተደምሮ ግማሹን ካመጣ አንደኛ ዓመት ይቀጥላል። ለእኛ ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው። በመልኩ ከድሮው የሥላሴ ድልድይ ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው፤ ጉድለትህን አይተው ወራት ሰጥተው መልሰው ይመዝኑሃል። ልዩነቱ ድልድዩ የተሠራው ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወዲያ ነው፤ ከወዲህ ያለው ሰው አይደርስበትም።

የቴክኒክና ሙያው መንገድ በአስተሳሰብ ከሁሉም ይሻላል። የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሰዉ «ሲ.ኦ.ሲ.» የሚለው፣ ሙያውን ከየት እንደተማርከው ሳይሆን መቻልህን ያያል። ከአጎቱ ጋር እየዞረ ግንብ መገንባት የለመደ አንድ የሰቆጣ ጎረምሳ አውቃለሁ፤ ተመዝኖ በሙያው ወረቀት ይዟል። ከደረጃ ደረጃ እያሉ ወጥተው ዲግሪ የሚቀጥሉም አሉ፤ መመሪያው ግን በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከመመዝገብ በፊት ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይገባል። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፦ ግንበኛውን «ገንባና አሳየኝ» የምንል ከሆነ የቅኔውን ልጅ «ተቀኝና አሳየኝ» የማንለው ለምንድን ነው?

መንፈሳዊ ኮሌጆቹም አሉ። ቅዱስ ጳውሎስ አለ፤ ቅድስት ሥላሴም ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ስም ይጠራል። የአብነት ትምህርት እዚያ ዋጋ አለው። ለዲግሪው ግን እነሱም ከአብነቱ ጎን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃ ሲጠይቁ ኖረዋል፤ ደግሞም ታሪክ መማር የሚፈልግን ልጅ ነገረ መለኮት ተማር ማለት መልስ አይደለም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ድርሳን፣ በተለምዶ ፊሎሎጂ በሚባለው፣ እስከ ዶክትሬት ያስተምራል። ተማሪዎቹ ብራና ይዘው ወደየገዳሙና ወደየጉባኤ ቤቱ ይወርዳሉ። አንድ ወዳጄ ለመመረቂያ ጽሑፉ የያዘውን ብራና ያነበቡለት፣ የጠፋውን ቃል ያሟሉለት፣ አገባቡን የፈቱለት አንድ የቅኔ መምህር ናቸው። ወዳጄ ተመረቀ። እኒያ መምህር በዚያው ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ለመመዝገብ ቢፈልጉ ከአምስተኛ ክፍል መጀመር አለባቸው።

ስለ ሴቶቹም አንድ ነገር። እስካሁን ስለ ዲያቆን ሳወራ ወንድ ብቻ ነው የተነሳው። ቅኔ ቤት የሚወርዱት በአብዛኛው ወንዶች ናቸውና የሴቷ ልጅ ከትምህርት ቤት ውጭ መሆን ከእነ ጭርሱ ነው፤ ፍየል ጠብቃ፣ ውኃ ቀድታ፣ ያለ ዕድሜዋ ተድራ። የዚያ ዲያቆን ታናሽ እህት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እሱ ሲመዘን አብራ ሄዳ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ተባለች፤ የቀን። ስለ እሷ ማንም እኔን ምክር አልጠየቀኝም፤ ራሷ ነች የተከተለችው።

መሆን ያለበት ነገር ያን ያህል ከባድ አይመስለኝም። የ8ኛ ክፍልን ፈተና ዕድሜው ከአሥራ ስምንት ያለፈ ሰው ያለ ካርድ ተመዝግቦ እንዲፈተን መፍቀድ ብቻ ስምንቱን ዓመት ወደ አራት ያወርደዋል። ፈተናው ያው ፈተና ነው፤ አይቀለልለት። ካለፈ 9ኛ ይግባ፤ ካላለፈ ይመለስ። «ማስረጃ የሌለው ሁሉ ይጎርፋል፣ ኩረጃ ይበዛል» የሚለኝ የትምህርት ባለሙያ ገጥሞኛል፤ ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ የመቶ ሺዎችን ፈተና መቆጣጠር የቻለ መንግሥት ግን ጥቂት ዲያቆናትን መቆጣጠር ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ለፍየሎቹ ዋጋ የሚሆን ገንዘብ ላክሁ፤ እናቲቱ ግማሹን መለሰችልኝ። ልጁ የማታ ትምህርት ጀምሯል። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል፤ ቅዳሜ ማታ ማኅሌት ስላለ ያን ቀን የሒሳብ ልምምዱን ከሰዓት በኋላ ይሠራል። ባለፈው ሰሞን አጭር መልእክት ላከልኝ። «ጋሼ፣ መዝጋቢዋ በየትኛው ስም ልጻፍህ እያለችኝ ነው» ይላል።

«መታወቂያህ ላይ ባለው፤ ፊደሉንም አንድ በአንድ አስቆጥራት» ብዬ መለስኩለት።